«ክለሳው ይለቅና እሄዳለሁ»

መምህርት ወርቅነሽ ደበላ አርፈዋል። በአምቦ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ከጎጆ ከተማ እስከ ጉደር ያለ ወላጅ ሁሉ «ልጄን እሳቸው ክፍል አስገቡልኝ» እያለ ደጅ የሚጠናላቸው መምህርታችን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቤታቸው፣ በባለቤታቸው በኦቦ ለሜሳ እጅ ላይ አረፉ። ቀብራቸው በወንጌላውያን መካነ መቃብር ሲፈጸም ዝናቡ አላቋረጠም ነበር። መዘምራኑ ሳይቀሩ እያለቀሱ ነበር የሚዘምሩት። ሰምታችሁ መድረስ ላልቻላችሁ፣ ጨርሶ ላልሰማችሁም፣ ይህን መርዶ የምነግራችሁ እኔ በመሆኔ አዝናለሁ።

እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ኋላም ባልደረባቸው። ከጊንጪ መጥቼ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከእርሳቸው ተማርኩ፤ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ እዚያው ትምህርት ቤት፣ ከክፍላቸው ቀጥሎ ባለው ክፍል ተመደብኩ። ስታፍ ውስጥ ሌላው ሰው በስማቸው ሲጠራቸው እኔ ግን እስከ መጨረሻው «ቲቸር» ነበር የምላቸው። ሙገሳ አይሆንልኝም፤ እርሳቸውም ሲሞገሱ አይወዱም ነበር። ስለዚህ የማውቀውን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ንዴቴም አብሮ ከወጣ ይቅር በሉኝ፤ ተናድጄ ነው ያለሁት።

ትልቁ ነገራቸው ክለሳ ነበር። የዓመቱ ትምህርት አልቆ ፈተና ሲቃረብ አብዛኞቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው፤ የድሮ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፣ እንሠራለን፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ሁላችንም ያወቅን ይመስለናል። መምህርት ወርቅነሽ ግን በክለሳ ጊዜ ልጆቹን ይዘው ሜዳ ይወጡ ነበር። በኳስ ሜዳው ላይ በኖራና በሲባጎ ሁለት መስመር ያሰምራሉ፤ አንዱን አግድም፣ አንዱን ሽቅብ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ እንጨት ይተክላሉ። እያንዳንዱ ተማሪ አግድሙ መስመር ላይ የራሱን ቁጥር ይዞ ይቆማል። እርሳቸው እኩልታውን ይጠራሉ፤ ልጁ በያዘው ቁጥር አስልቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይራመዳል። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ሜዳው ላይ ከሰው የተሠራ ኩርባ ይታያል። አንዱ አሳስቶ ካሰላ ብቻውን ከመስመሩ ወጥቶ ይቀራል፤ ግራና ቀኙን አይቶ ራሱ ይመለሳል እንጂ «ተሳስተሃል» የሚለው የለም። «ቁጥሩን ተራመዱት እንጂ ቆማችሁ አትዩት» ይሉ ነበር።

ባልደረቦቻችን «የስፖርት መምህሯ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አንድ ዓርብ ኖራው ሳይጠፋ ቀረና በማግሥቱ የቀበሌ ቡድኖች ለግጥሚያ መጡ። ዳኛው የፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ኳሷ የት እንደምትቀመጥ ግራ ገባው፤ በመጨረሻ የሒሳቡ ኩርባ ጫፍ ላይ አስቀምጦ አስመታ። ጎል ገባ፤ ጭቅጭቅ ሆነ። ሰኞ ጠዋት የተሸነፈው ቡድን አሠልጣኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ባርሲስቱ፣ ይኼ የእርስዎ መስመር ነው ጉድ የሠራን» አላቸው፤ ባርሲስቱ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው። እርሳቸውም በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁትና አስቀምጠው የዚያ ኩርባ ጫፍ በስሌት እንዴት እንደሚገኝ አስረድተው ሸኙት። ይግባው አይግባው አላውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከተጫዋቾቹ ሁለቱን ለክለሳ ልኳቸው አየሁ።

ዳቦውም ነበር። ከጎጆና ከዙሪያው ገጠር የሚመጡት ልጆች አምቦ ላይ ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከቤተሰብ የሚላክላቸውን ስንቅ እየጠበቁ ነው የሚማሩት። ሐሙስና ዓርብ ላይ ስንቁ ያልቃል። እርሳቸውም ከጎጆ መጥተው እንደዚያው ተምረው ስለነበር፣ ሆዱ ባዶ የሆነን ተማሪ በአቀማመጡ ያውቁታል። ሰጥቶ ማሳፈርን ግን አይፈልጉም። ስለዚህ የተከታታይ ቁጥሮችን ክለሳ ሁልጊዜ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይገፉትና ድፎ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ቡድኑ ግማሹን ቆርጦ ይበላል፤ ከቀረው ግማሹን፤ ከዚያም ከቀረው ደግሞ ግማሹን። የተበላውን እየደመሩ ይጽፋሉ። ፍርፋሪ ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ይሥቃሉ፤ እርሳቸውም «እንግዲህ አያልቅም የተባለውን ነገር ማነው የጨረሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ራሴ ከዚያ ዳቦ በልቻለሁ። ለትምህርት ብቻ የመጣ ዳቦ አለመሆኑን የተረዳሁት እዚያው አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን በጠመኔ ቅብብሎሽ ነበር። ረጅም ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። አንድ ተማሪ ይወጣና አንዲት መስመር ብቻ ጽፎ ጠመኔውን ለሚቀጥለው ያቀብላል። የሚቀጥለው ሥራውን አንድ መስመር ያራምደዋል፤ ካለፉት መስመሮች አንዱ የተሳሳተ ከመሰለው ደግሞ አጥፍቶ ያስተካክላል፣ ያም እንደ መስመር ይቆጠርለታል። በዚህ ሁሉ መሐል ማንም አይናገርም። አይሣቅም፣ አይጠቆምም፣ «ኧረ እንደሱ አይደለም» አይባልም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጠመኔው ድምፅ ብቻ ነው። መልሱ ሲገኝ የማን እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ የሁሉም እጅ አለበት።

አምና ያስተማሩት ክፍል ውስጥ ኩሌኒ የምትባል ከጎጆ የመጣች ልጅ ነበረች። ሒሳብ ሲነሣ ፊቷ የሚገረጣ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቅብብሎሽ ጠመኔው ሲደርሳት ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። ቆየችና ከእሷ በፊት የተጻፈውን መስመር እንዳለ ከሥሩ ገልብጣ ጻፈች፤ ጠመኔውን አቀብላ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ክፍሉ ሊያሽሟጥጥ ሲል መምህርት ወርቅነሽ ቀና ብለው አዩት፤ ጸጥ አለ። ከክፍል ሲወጡ በእጃቸው ጠሯትና ጆሮዋ ሥር «አልተሳሳትሽም እኮ። ትክክል የሆነ መስመር ነው የጻፍሽው። በሚቀጥለው ደግሞ አንዲት ምልክት ለውጠሽ ትጽፊያለሽ» አሏት። ይህን የነገረችኝ ኩሌኒ ራሷ ናት። ክለሳው ሲጋመስ የሌሎችን ስሕተት ዝም ብላ አጥፍታ የምታስተካክለው እሷ ሆና ነበር።

አሁን ስለ በሽታው ልጻፍ።

አንገታቸው ላይ እብጠት ነበረች። በጎጆ በኩል ባለው ደጋ አንገቱ ያበጠ ሰው ብርቅ አይደለም። እናታቸውም አክስታቸውም እንቅርት ነበራቸው፤ ከነእንቅርታቸው አርጅተው ነው የሞቱት። ስለዚህ እርሳቸውም «የአገሬ ጌጥ ነው» ብለው ሻርፕ ጣል ያደርጉባት ነበር። ድምፃቸው መሻከር ሲጀምር ደግሞ ስታፍ ያለነው ሁሉ በአንድ አፍ «የጠመኔ ብናኝ ነው» አልን። ድምፁ የማይሻክር መምህር የታለ? አንዱ ማር፣ አንዱ ዝንጅብል አዘዘላቸው። የጎጆ ሰው እብጠት አይቶ አይደነግጥም፤ መምህርም ድምፁ ሲዘጋ ጠመኔውን እንጂ ሌላ ነገር አይጠረጥርም። እርሳቸው የጎጆም ሰው፣ መምህርም ነበሩና ለብዙ ወራት ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ቀሩ።

ግንቦት ላይ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ኦቦ ለሜሳ ግድ ብለው ወሰዷቸው። ሐኪሙ እብጠቷን ዳሰሰ፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፎ በቶሎ እንዲሄዱ አዘዘ። በማግሥቱ ጠዋት ስታፍ ገብቼ ሳይ ተቀምጠው የክለሳ ካርድ በመቀስ ይቆርጣሉ።

«ቲቸር፣ መቼ ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«ክለሳው ይለቅና እሄዳለሁ» አሉኝ።

«ክለሳውን እኔ እይዝልዎታለሁ። እርስዎ ይሂዱ።»

«አንተማ ሰሌዳውን ሞልተህ ነው የምትጠብቃቸው» ብለው ሣቁ። መሣቃቸውን ያወቅሁት ከትከሻቸው ነው፤ ድምፅ አልነበረውም። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እነዚህ ልጆች በኮሮናው ጊዜ ስንት ትምህርት አመለጣቸው? መንገድ በተዘጋ ቁጥርስ? ባለፈው ዓመት ውጤት ሲመጣ ምን እንደሆነ አይተሃል። ጥቂት ሳምንት ነው እኮ የጠየቅሁት።»

ያዩትን እኔም አይቼዋለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤት የሚመጣበት ቀን ትምህርት ቤታችን ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። «ሐኪሙ በቶሎ ነው ያለው» ብቻ አልኩ።

«ይሁን። በቶሎ እጨርሰዋለሁ» አሉና መቀሱን አነሡ።

ርእሰ መምህሩ ለመኗቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው መከሯቸው። እንደተለመደው ሁሉንም በትሕትና ሰሙና የራሳቸውን አደረጉ። ክለሳው ያለ ድምፅ ተጀመረ። እኩልታውን መጥራት ስላልቻሉ በትልቅ ካርቶን ላይ ጽፈው ከሜዳው ዳር ደረጃ ላይ ሆነው ከፍ አድርገው ይዘው ይቆማሉ። ሲያጨበጭቡ ልጆቹ ይራመዳሉ፤ ደግመው ሲያጨበጭቡ ይመለሳሉ። የእኔንም ተማሪዎች አምጥቼ ከነሱ ጋር ቀላቀልኩ። ያን ሁሉ ልጅ ያለ አንዲት ቃል ሲያንቀሳቅሱ አይቼ መደነቄን አልክድም። በየመሐሉ «ኢጆሌ» እያሉ፣ ልጆች ማለታቸው ነው፣ የሚጣሩት ጥሪ ግን ቀርቶ ነበር።

አንድ ቀን ኦቦ ለሜሳ መኪና ለምነው፣ የባለቤታቸውንም ልብስ በሻንጣ ይዘው መጡ። ሜዳው ዳር ቆመው «ወርቄ፣ ኮቱ ዴምና» አሏቸው፤ ነይ እንሂድ ነው። እርሳቸው ካርቶኑን እንደያዙ በሌላው እጃቸው ቆይ የሚል ምልክት ሰጡ። ኦቦ ለሜሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ «ምን ላድርጋት? አንተ ንገረኝ፣ ተሸክሜ ልውሰዳት?» አሉኝ። ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቁ። ሻንጣውም ከሳቸው ጋር ወደ ቤት ተመለሰ።

ክለሳው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸውና ወደቁ። ያኔ ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ።

የቀረው ቀን የጠመኔ ቅብብሎሽ ነበር። እኔ ክፍሉ ስገባ ልጆቹ ሰሌዳውን ጠርገው፣ ጥያቄውን ጽፈው፣ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ኩሌኒ መጨረሻ ላይ ቆማ ነበር። «ቲቸር፣ እርስዎ ኋላ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ለኦቦ ለሜሳ ደወልኩና «ጆሯቸው ላይ ያድርጉላቸው፣ ልጆቹ ክለሳ ላይ ናቸው» አልኳቸው። ስልኩን ሰሌዳው አጠገብ አስቀመጥኩት። አንዱ ይጽፋል፣ ያቀብላል፤ አንዱ ይጽፋል፣ ያቀብላል። አንዳንዱ እያለቀሰ ነው የሚጽፈው፤ ሕጉን ግን ማንም አላፈረሰም። ጥቂት ቆይቼ ስልኩን ሳነሣ ኦቦ ለሜሳ «ኧረ ምንም አይሰማም፣ መስመሩ ተቋርጧል መሰለኝ» አሉኝ።

«አልተቋረጠም። እየጻፉ ነው፤ ለዚያ ነው ዝም ያሉት። እንዲህ በሏቸው።»

ሲነግሯቸው ሰማሁ። ከዚያ ኦቦ ለሜሳ «አውቃለች፣ ገብቷታል፣ ዐይኗን ጨፍና እየሰማች ነው» አሉኝ። መልሱ ሲገኝ የጨረሰችው ኩሌኒ ነበረች። ጠመኔውን የምታቀብለው ሰው ስላልነበረ ይዛው ቆመች።

በሽታው ካንሰር ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር አልተመለሰም። ኦቦ ለሜሳ ሐኪሙን ለብቻው አግኝተው ቀድመን ብንመጣ ኖሮ ብለው ጠይቀውት ነበር። «የእነዚያ ሳምንታት ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ አይደለምም ማለት አልችልም» አላቸው። ከዚህ የባሰ መልስ የለም። አዎ ቢል እናለቅሳለን፤ አይደለም ቢል እንጽናናለን። እንዲህ ሲባል ግን ሰው ምን ያደርጋል? ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እየመነመኑ እያየናቸው አለቁ። ውጤት በመጣ ጊዜ አልጋ ላይ ነበሩ። ከወትሮው የተሻሉ ልጆች አልፈዋል፤ ኩሌኒ ማለፊያውን በትንሽ ስታ በዩኒቨርሲቲ ወደሚሰጠው ሬሜዲያል ተመደበች። ስነግራቸው እጄን ያዙኝና በከንፈራቸው በጣም ቀስ አድርገው «ጎበዝ» የሚል ቅርጽ ሠሩ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አልለየሁትም።

በቀብሩ ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጡ አንድ ሰው ንግግር አደረጉ። ለተማሪዎቻቸው ሲሉ ሕይወታቸውን የሠዉ ጀግና ናቸው አሉ። ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። መምህርት ወርቅነሽ መሞት አልፈለጉም። ለጡረታቸው ጎጆ ላይ ድንች ሊተክሉ፣ ከኦቦ ለሜሳ ጋር ልጃቸውን ሊድሩ ያስቡ ነበር። በሽታው የሚጠብቃቸው መስሏቸው ነው። ሕይወታቸውን የሰጡት ሳይሆን የተነጠቁት ነው፤ ይህን ጀግንነት ብለን ለሚመጡት መምህራን አናስተምር። የታመመ ይሂድ።

ከመቃብሩ ስንመለስ ኩሌኒ ከኋላ ደረሰችብኝ። ከዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው፤ ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። አብራኝ ሄደች። ከዚያ «ቲቸር፣ እኔ እኮ በሚቀጥለው ዓመትም መፈተን እችል ነበር» አለችኝ። «ሁላችንም እንችል ነበር። ለምን አልነገርናቸውም? ማንም እኮ አልጠየቀንም።» መንገድ ዳር ቆመን አለቀስን።

ቲቸር ወርቅነሽ፣ ዛሬ የምሰናበትዎት ልቤ ተሰብሮ ነው፤ ተቆጥቼም ነው፤ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል። ስላስተማሩኝ፣ ስላበሉኝ፣ ከጎንዎ እንድቆም ስለፈቀዱልኝ አመሰግንዎታለሁ። ግን ዘንድሮም እኮ ፈተና ነበር፤ ለከርሞም አለ። ያን ጊዜ እንቢ ባይሉን፣ ካርቶኑን ጥለው መኪናው ውስጥ ቢገቡ ኖሮ፣ ልጆቹ ቢወድቁም ደግመው ይፈተኑ ነበር። እኛም ይሄን ጊዜ ስታፍ ተቀምጠን እናማዎት ነበር፤ በፈተና ሰዓት ልጆቹን ጥላ ሄደች እያልን። እርስዎም በሩን ከፍተው ገብተው ይሰሙን ነበር። ምነው እንደዚያ ባማንዎት፣ ቲቸር። ደህና ይሁኑ።